የዝሆን ጉልበት

«አባባ ተስማምተዋል» አለ ጥሩሰው። ወርቅውሃ ጓዳ ሆና የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበርና እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። የዚያን ቤት ሳሎን ከጓዳው የሚለየው አንድ የአቡጀዲ መጋረጃ ነው፤ ሳሎን የተነፈሰ ነገር ጓዳ ሳይገባ አያድርም። ልጇ «አባባ» ያለው ባሏን ለገሰን ነው። ለገሰ ደግሞ እንኳን ሊስማማ የጠየቀውም ሰው የለም። በዚያች ሰዓት ከቤቱ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ በአሮጌ የወታደር ካልሲ የሞተር ብስክሌቱን ማርሚታ እየወለወለ ያፏጫል። ፉጨቱ በመስኮት ይገባል፤ ውሸቱ በመጋረጃው ያልፋል፤ እሷ መሐል ላይ ቆማ ሁለቱንም ትሰማለች።

«እሱ ካለ እኔ ምን ጣጣ አለኝ» አለ ጎዳና። ጎዳና ከሊበን ገጠር የላምና የፍየል ቆዳ እየሰበሰበ ሜጋ ድረስ የሚያወርድ ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪና ደጅ መጥናት ስለሰለቸው የራሱን ሞተር ፈልጓል። ሳቂታ፣ ቀና ሰው ነው፤ ወርቅውሃ አትጠላውም። ከልጇ ጋር በአራት መቶ ብር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለክብሩ ብላ ሻዩን በግመል ወተት አፍልታ፣ ስኳር እንደ እሳት በተወደደበት በዚያ ሰሞን ሦስት ማንኪያ ጨምራለት ነበር። አሁን ስኳሩ ቆጫት።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን ጥሩሰውን ከያቤሎ ያስጠራችው ራሷ መሆኗ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሥራውን ትቶ የመጣው «ና፣ አባትህን ከዚህ ብረት አላቅልኝ» ብላ በምታውቀው ሾፌር ስለላከችበት ነው። ምን ታድርግ? አምና በዚሁ ሞተር ወድቆ ትከሻው ወለቀ፤ ወጌሻው ሲጎትተው ጩኸቱ የጦር ሰፈሩ አጥር ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ እንደ ሕፃን ገንፎ በማንኪያ ያጎረሰችው፣ ሸሚዙን አልብሳ ያወለቀችለት፣ ሌሊት ሲያቃስት «ምን ላድርግልህ» እያለች ያነጋችው እሷ ናት። ስድሳን ያለፈ ሰው! እኩዮቹ ጡረታቸውን ተቀብለው ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። እሱ ትከሻው ከመጠገኑ ተነሥቶ ሞተሩ ላይ ተፈናጠጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆንማ የሷ ነገር አይነገርም። ቤታቸው ከጦር ሰፈሩ በታች፣ ቦራናዎቹ ላጋ ከሚሉት ደረቅ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሞተሩ ጩኸት ከላጋው ሲነሣ፣ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ እንደ ተናደደ ግመል ሲያጓራ፣ ወርቅውሃ የያዘችውን ጥላ ትቆማለች። በረረ ትላለች። አሁን አቀበቱን ወጣ፤ አሁን ተወረወረ፤ አሁን አንገቱን፤ ኧረ እመብርሃን! ድምፁ ድንገት ቀጥ ሲልማ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጁን ትጠብቃለች። ጎረቤቷ በድሪያ «ኧረ እትዬ፣ አንድ ቀን ወርደው ቢያዩት አይሻልም?» ብትላት «የሚፈሩትን ቆሞ ከማየት ያውጣኝ» ነበር መልሷ። ይኸው ሞተሩ እቤት ከገባ ጀምሮ ላጋውን ረግጣ አታውቅም፤ ባሏን የምታየው በጆሮዋ ነው።

ጨዋታው የወታደርነቱ ቅሪት ነው። ጣሊያን በወጣ ማግስት ለገሰ ለጦሩ መልእክተኛነት ሞተር ሲማር፣ እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ድንጋይ ላይ ያጫውታቸው ነበር። ማን ቀደመ አይባልበትም፤ ማን እግሩን ሳያወርድ አለፈ ነው የሚባለው። ሞተሩ ቢንገዳገድ ቢያዘነብል ግድ የለም፤ እግር መሬት ከነካ ግን ተሸነፍክ። ወታደሮቹ «እግር አታውርድ» ብለው ሰየሙት። ለገሰ ነገሌ ሲመደብ ጨዋታውን ይዞት መጣ፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መልእክት ያደረሰበትን ሞተር በሐራጅ ገዛው። የጥንቶቹ ተጫዋቾች ገሚሱ አገሩ ገባ፣ ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ወፈረ። እሱ ብቻውን ቀረ። «ብቻውን የሚጫወት እብድ ነው» ስትለው «ምን ብቻዬን፣ ድንጋዩ አለ አይደለም እንዴ!» ይላታል።

ፉጨቱ ቆመና ለገሰ እጁን በካልሲው እየጠረገ በጓሮ በር ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሪዙ ድፍን ነጭ የሆነ ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ ጎዳና ብድግ ብሎ እጁን ጨበጠው። «እንኳን ደስ ያለህ፤ በደህና ዋጋ ሸጥከው። እኔም እንደ ዓይኔ ነው የምይዘው» አለው።

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አራት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ የበረዶ ተራራ ሥዕል ያለበት ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ። አንድ ዝንብ የስኳሩ ጣሳ ጠርዝ ላይ ትዞራለች። ጥሩሰው የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ አጎነበሰ፤ ማሰሪያው አልላላም ነበር። ለገሰ አልተቆጣም፤ ወርቅውሃ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችው፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር አለች በሆዷ።

«መቼ ነው የሸጥኩት?» አለ በዝግታ።

«አባባ፣ ለርስዎ ብለን እኮ ነው» አለ ጥሩሰው ቀና ሳይል።

«ብለን?» ለገሰ ፊቱን ወደ መጋረጃው መለሰ። «ወርቅዬ፣ አንቺም አለሽበት?»

ዝም ብትል ማን አያት? ብርጭቆ እያንኳኳች እንዳልሰማች መሆን ትችል ነበር። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አይሆንላትም፤ ስትዋሽ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣባታል። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «አለሁበት» አለች። «ያስጠራሁት እኔ ነኝ።»

ለገሰ ራሱን ነቀነቀ። ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ሻይ እፍ እፍ እያለ፣ ሳይቸኩል እስከ አተላው ጠጣው። ሦስቱም አፉን ጠበቁ። «እንግዲያው እንዲህ ይሁን» አለ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። አሁኑኑ ላጋው እንውረድ። የዝሆን ጉልበት ያልነውን ድንጋይ እግሬን ሳላወርድ ካለፍኩ ሞተሩ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ የሽያጭ ነገር ሁለተኛ አይነሣብኝ። እግሬ መሬት ከነካ ግን ጎዳና ከዚያው አስነሥቶ ይንዳው። እኔም ሄጄ ዳማ እማራለሁ።»

«ዳማውን እኔ አስተምርሃለሁ» አለ ጎዳና እየሳቀ፤ ነገሩ ጥሞታል።

ጥሩሰው ግን አልሳቀም። «ማነው የሚያየው? መቼም ጃታኒ እንዳይሉኝ» አለ። ጃታኒ ከብቶቹን ላጋው ዳር የሚያሰማራ የቦራና ሰው ነው፤ ለገሰ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሲወርድ፣ እግሩ መንካት አለመንካቱን ቁጭ ብሎ የሚያየው እሱ ነው። «ጃታኒማ ያንቱ ሰው ነው። ጥርስዎ ቢወልቅ አልወለቀም ይላል። እማዬ ትይ።» ይህን ሲል ዓይኑን ወደ እናቱ ወረወረ። ወርቅውሃ ያችን ዓይን ታውቃታለች፤ ልጅ ሆኖ ማሰሮ ሰብሮ «እማዬ፣ ድመቷ ናት በይልኝ» ሲላት ያያት የነበረባት ዓይን ናት።

«ትይ» አለ ለገሰ። «ከሷ የበለጠ የሚያየኝ ማን አለ?»

እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቀድሞ ወረደ፤ ሦስቱ በእግር ተከተሉት። ቀዩ አቧራ ጫማ ውስጥ ይገባል። ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ ወተት ሻጮቹ ጮጮአቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወተቱ ከባለፈው ሳምንት ዋጋው ጨምሯል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ወርቅውሃ ቆማ ትከራከር ነበር። ጎዳና ከሚያውቀው ሁሉ ጋር እየተጨባበጠ ወደ ኋላ ቀረ። ጥሩሰው ጠጋ ብሎ የእናቱን ክንድ ያዘ። አባቱ ዳግመኛ ቢወድቅ ማን እንደሚያነሣው፣ እሱ ያቤሎ ሆኖ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ አጥንት በዚህ ዕድሜ እንደማይገጥም ነገራት። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉንም ራሷ ስትለው የኖረችው ነው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብዙ አይደለም፤ ጫፉ ከነካ ነካ ነው። ነካ በይና ይገላገሉ» አላት። የቀረውን መንገድ እናትና ልጅ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ተያይዘው ሄዱ።

በሆዷ ግን ኪዳነ ምሕረትን ይዛ ነበር። አይውደቅብኝ፤ እባክሽ እንዳይወድቅብኝ። እግሩን ብቻ። ጣቱን ብቻ፣ የጫማውን ጫፍ ብቻ አስነኪልኝ። ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያለቅስ፣ በዚህ ይለቅልኝ። ጥላ ይዤ እመጣለሁ።

ላጋው ዳር ሲደርሱ የጃታኒ ነጫጭ ከብቶች ግራሩ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። ጃታኒ በበትሩ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጥሩሰው ከሩቁ ነገሩን ሊጀምር ሲል ጃታኒ መዳፉን አነሣ፤ ቦራና ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ሳይባባል ነገር አይጀምርም። «አካም፣ ጥሩሰው?» አለ። «ናጋ።» «ያቤሎ ናጋ?» «ናጋ።» «ዝናቡስ፣ ናጋ?» ጥሩሰው በግድ «ናጋ፣ ናጋ» አለ። ጃታኒ ወደ ለገሰ ዞሮ «ላሚቱስ ናጋ?» ሲለው ለገሰ የሞተሩን ታንክ ቸብ አድርጎ «ናጋ ናት፤ ወተቷ ነው ትንሽ የሚጨስ» አለ፤ ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ጎረምሳ ተንከተከቱ። ወርቅውሃ ይህን ሳቅ አታውቀውም። እቤት ገብቶ አያውቅም።

ነገሩን ሲነግሩት ጃታኒ አልተቀየመም። «ልጅህ አልተሳሳተም፤ እኔ ለለገሰ አዳላለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁ ቀዘቀዘ። «ግን ለገሰ፣ ትከሻህ ከወለቀ ወዲህ የዝሆን ጉልበትን አንድ ቀን ሳትነካ አላለፍክም።»

«አውቃለሁ» አለ ለገሰ።

«ሌላ ድንጋይ ይሁን በላቸው።»

«ሌላ ድንጋይ ባልፍ ጥሩሰው ያምነኛል? እኔስ አምነዋለሁ?»

ጃታኒ ወርቅውሃን እየመራ አወረዳት። የዝሆን ጉልበት የሚሉት በሁለት ትልልቅ ቋጥኞች መሐል የተኛ፣ ከሰው ጉልበት ከፍ የሚል ልሙጥ ክብ ድንጋይ ነው። ሞተሩ በቋጥኞቹ መሐል ገብቶ፣ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ወደ ግራ ዞሮ በአሸዋው በኩል መውረድ አለበት። ከዳር የቆመ ሰው የነጂውን ጀርባ እንጂ እግሩን በደንብ አያይም፤ ሁለቱም እግሮች የሚታዩት ፊት ለፊት ካለው ኩይሳ ሥር፣ አንድ ሰው ብቻ ከሚያስቀምጥ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። ጃታኒ የተቀመጠበት ብዛት አፈሩን አለስልሶታል። ነጠላዋን አነጠፈላትና ከኪሱ አንዲት ለስላሳ ነጭ ጠጠር አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረ። «አዴ ወርቅውሃ» አለ፣ እናቴ እንደ ማለት፤ «እግሩ መሬት ከነካ ይቺን ይጥሏታል። ካልነካ እጅዎ ላይ ትቆያለች። ሌላ ሕግ የለም። ዓይንዎን ብቻ እንዳይጨፍኑ፤ የጨፈነ ሰው ምስክር አይደለም።»

ዓይኗን እንዳትጨፍን! ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨፍን የኖረችውን ሴት።

ሞተሩ ተነሣ። ያ የምታውቀው ጩኸት ላጋውን ሞልቶ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ መጣ፤ አሁን እንደ ጥይት ይመጣል ብላ ኩይሳውን በጀርባዋ ተደገፈች። ለገሰ በቋጥኞቹ አፍ ብቅ አለ። መርገጫው ላይ ቆሟል፤ አልተቀመጠም። ጉልበቱ አጠፍ፣ ክርኑ ወጣ ወጣ ብሎ፣ ፊቱ ፀጥ ብሏል። ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው ግን፣ ኧረ ጎማው የታለ የሚበርረው? አንዲት ጠጠር ረግጦ፣ ሌላዋን አስቦ፣ ሦስተኛዋን ጠይቆ እንደሚሄድ፣ እርጉዝ ላም ከምትራመደው ባነሰ እርምጃ ይመጣል። ሞተሩ የሚጮኸው በሩጫ ሳይሆን፣ በፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ ያሉት ሁለት ጣቶቹ እንዳይሮጥ አንቀው ስለያዙት ነው። ወርቅውሃ አፏን ከፍታ ቀረች። «ይሄ ነው እንዴ?» አለች፤ የሚሰማት አልነበረም። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ስለት፣ ያን ሁሉ የተዘቀዘቀ ነጠላ የከፈለችው ለዚህ ነው? ቄስ ታቦት ተሸክሞ ከዚህ ይፈጥናል!

ከዚያ ፊቱን አየችው። ሠርጋቸው ቀን እንዲህ አልነበረም፤ ጥሩሰው ሲወለድም፣ ሻምበሉ እጁን ጨብጦ ጡረታ ሲያወጣውም። ቤት ውስጥ ዘወትር ጎበጥ ብሎ ዕቃ የሚፈልግ የሚመስለው ሰው፣ እዚህ አከርካሪው ተፈቷል። ትከሻው፣ ያ የወለቀው፣ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። የፊት ጎማው የዝሆኑን ጉልበት ነካ፤ ለገሰ ትንሽ ወደ ኋላ ዘነበለ፤ ቤንዚን ሰጠ፤ ጎማው ተነሥቶ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ የኋላውም ተከተለው። አሁን ሞተሩና ሰውዬው ልሙጡ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሙ። በእውነት ቆሙ፤ ቀጥ አሉ። መዞር ያለበት እዚህ ነው።

ዞረ። የኋላ ጎማው ሸርተት አለ። ከዳር ጎዳና «ዋይ!» ሲል ሰማች። ሞተሩ ወደ ግራ አዘነበለ፣ አዘነበለ፤ የለገሰ ግራ እግር ከመርገጫው ተነሣ። ወረደ። የወታደር ጫማው ሶል ወደ ድንጋዩ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ዓይኗ እምባ ሞልቶ እንኳ አልጨፈነችም። ይንካ ብላ ነበር የመጣችው። ስለት ተስላለታለች። ጫማው ከድንጋዩ በላይ የጣት ጥፍር ያህል ቀርቶት ተንጠለጠለ። በሶሉና በድንጋዩ መሐል የማታው ፀሐይ እንደ ቀጭን ክር ገብታ ነበር። ያችን ክር አየቻት። ለገሰ መላ አካሉን ወደ ቀኝ ወረወረ፤ ሞተሩ ተቃና፤ እግሩ ተመልሶ መርገጫው ላይ ቆመ፤ በአሸዋው ቁልቁል ወርዶ ከፊቷ ደርሶ ሞተሩን አጠፋው።

«ነካ!» ብሎ ጮኸ ጥሩሰው ከዳር። እየተንሸራተተ ወደ ታች ወረደ። «እግሩ ወርዷል፤ ሁላችንም አይተናል፤ ጎዳና፣ አላየህም?»

«እግሩ መውረዱንማ አይቻለሁ» አለ ጎዳና እያመነታ። «መንካቱን እንጃ። ከኛ በኩል ድንጋዩ ይጋርዳል።»

ጃታኒ ወደ ለገሰ ዞረ። «አንተስ?»

ለገሰ የአቧራ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ላብ በሪዙ ላይ ይወርዳል። ነካኝ ቢል ሞተሩ ይሄዳል፤ አልነካኝም ቢል ለራሱ መሰከረ። «እኔ አላውቅም» አለ። «ይሄ እግር ካረጀ ወዲህ ሁሉን አይነግረኝም። የተቀመጠችውን ጠይቋት።»

ሁሉም ዞሩባት። ወርቅውሃ ኩይሳው ሥር፣ ጡጫዋን ደረቷ ላይ እንደ ጨበጠች ነበረች። ጠጠሯ በላብ ርሳለች። ምን ያህል ቀላል ነበር! ጣቷን መዘርጋት ብቻ። ወጌሻ የለ፣ ገንፎ በማንኪያ የለ፣ ቅዳሜ ደጅ ደጅ ማየት የለ። ባሏ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ እስኪሞት ድረስ ከዓይኗ ሳይርቅ። ከሷ በቀር ያችን የብርሃን ክር ያየ ፍጡር የለም። ጥሩሰው ጠጋ ብሎ «እማዬ፣ ጣያት በቃ» አለ በለሆሳስ፤ እንደዚያ እንደ ማሰሮው ጊዜ።

«አልነካም» አለች ወርቅውሃ።

«እማዬ!»

«አልነካም አልኩህ። በጫማውና በድንጋዩ መሐል ፀሐይ አይቻለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ና ብለሽ ያስጠራሽኝ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ሽጠው ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬም እፈራለሁ። ነገም እፈራለሁ። ስፈራ ግን የምናገረው የኔን ነው። የጠየቃችሁኝ ያየሁትን ነው፤ ያየሁትን ፍርሃቴ አይለውጠውም። አልነካም።» አንገቷን ዳሰስ አደረገች፤ ሽፍታ አልነበረም።

«ዱጋ» አለ ጃታኒ፤ በቋንቋው እውነት ማለቱ ነው። በበትሩ መሬቱን አንዴ መታ። በዚያው ነገሩ ተዘጋ።

ጎዳና ተነሥቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። «እኔስ ደስ ብሎኛል» አለ። «ይህን ሲሠራ ያየሁትን ሞተር ገዝቼ፣ የሚሸት የፍየል ቆዳ ጭኜበት ሜጋ ብወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አህያ እገዛለሁ።» ከዚያ ወርቅውሃን አይቶ ሳቀ። «ሻዩ ግን ጥሩ ነበር፣ እማማ። ለስኳሩ አልሳሳችሁም።» ወርቅውሃ እፍረት ይዟት ዓይኗን ሰበረች።

ጥሩሰው አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ አባቱን ያያል። ለገሰ አሸዋው ላይ ሞተሩን አቁሞ ጎንበስ ብሎ ካንዴላውን ይነካካል፤ ግን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም እየሠራ አልነበረም። ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያንቀጠቅጥ ልጁ አያውቅም ነበር መሰለኝ። ተነሣና ሄዶ የሞተሩን መሪ ባንድ በኩል ያዘለት። አባትና ልጅ ግራና ቀኝ ሆነው ሞተሩን ከአሸዋው ገፍተው አወጡት። «ከባድ ነው እኮ» አለ ጥሩሰው ዳር ሲደርሱ እያለከለከ። «ታዲያ ምን መስሎህ ነው?» አለ ለገሰ። ከጨዋታው በኋላ የተነጋገሩት ይኸው ነበር።

ወርቅውሃ ጠጠሯን ለጃታኒ ልትመልስ ስትዘረጋ እጇን ገፋ አደረገው። «እኔማ አዳላለሁ ተብያለሁ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ቦታ የእርስዎ ነው። እኔ ከብቶቼን ልጠብቅ።»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አለች ወርቅውሃ፤ ጠጠሯን ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ዞረች። «ጃታኒ፣ ያ ደረጃ ይቆረቁራል። ትራስ ነገር አመጣለታለሁ።»

ለገሰ ከኋላው አስቀምጦ ሊያደርሳት ጠየቃት፤ «ቀብር ልትወስደኝ ነው?» ብላ በእግሯ ሄደች። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ከጎኗ ከጎኗ፣ እርምጃዋን እየጠበቀ ነዳ፤ ከሷ አልቀደመም፤ እግሩንም አላወረደም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ወተት ሻጮቹ ገበያቸውን ትተው አዩአቸው። «ቀስ በል» ትለዋለች። «ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እወድቃለሁ» ይላታል። ጥሩሰው ከኋላ ነጠላዋን ተሸክሞ ይከተላል።

ቤት ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። ለገሰ ሞተሩን ጓሮ አስገብቶ አቆመው፣ በጆንያ አለበሰው፣ ኮራ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ጄነራል ወደ ቤት ሲገባ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው የገዛ ደጁ ጣውላ አደናቀፈው። ወደ ፊት ተንደረደረ፤ በአንድ እግሩ ዘሎ፣ በመዳፉ መሬት ተመርኩዞ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጨቀጩ። ጥሩሰው ሊደግፈው ሮጠ።

ወርቅውሃ አልሮጠችም። ከልጇ እጅ ነጠላዋን ወሰደች፤ ጫፉን ፈታች፤ ነጩን ጠጠር በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ ሁሉም እንዲያዩ ከፍ አድርጋ ያዘችና ወለሉ ላይ ጣል አደረገችው።

«ይሄ ነክቷል» አለች።